ከጎባ እስከ ደሎ መና፦ አንድ ቆርቆሮ፣ ሁለት ሥራ

በኅዳርና በጥር መካከል ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ማለዳ የባሌዋ ሮቤ ላይ ለማየት የሚያጓጓ ነገር አለ። ግቢ ውስጥ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 2 ወይም 3 ዲግሪ ያሳያል። ውኃ የሚረጋው በዜሮ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ ግን ነጭ ውርጭ ለብሶ አድሯል። አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ ሳለ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ከየት መጣ? ይህን የመለሰ ሰው የጣራን ነገር ግማሹን ጨርሷል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ እዚሁ አብረን እናየዋለን።

የሲናናና የጎባ ገበሬ መልሱን በልምድ ያውቀዋል። ደመና ያጠላበት ሌሊት ለገብሱ አያሰጋውም፤ የሚያሰጋው ከዋክብቱ ቁልጭ ብለው ሲታዩና ነፋሱ ጸጥ ሲል ነው። ምድር ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ድንጋዩም፣ ቅጠሉም፣ ቆርቆሮውም፣ እኛም ጭምር፣ ሙቀታችንን ለዓይን በማይታይ ጨረር ያለማቋረጥ እንለቃለን። ደመና ካለ ደመናውም በፈንታው ጨረር እየላከ ይክሰናል። ሰማዩ ጥርት ካለ ግን የሚመለስልን ጥቂት ነው፤ የለቀቅነው አብዛኛው አየሩን ሰንጥቆ ወደ ሕዋ ይሄዳል። ደረቅና ጥርት ያለ የሌሊት ሰማይ ለቆርቆሮው፣ መሬት አጠገብ ካለው አየር በ20 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እንደቀዘቀዘ ጣራ ነው። ቆርቆሮ ቀጭን በመሆኑ በውስጡ ያጠራቀመው ሙቀት የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ቀዝቃዛ ሰማይ ትክ ብሎ እያየ ያድርና ከአየሩም በታች ይወርዳል። ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1814 ስለ ጤዛ ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው። ጤዛ ከሰማይ አይወርድም፤ ሳሩ ሙቀቱን ለሰማይ ለቆ ከአየሩ በታች ሲቀዘቅዝ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት በላዩ ላይ ውኃ ሆኖ ያድራል።

የባሌ ደጋ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚበረታበት ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው። ሮቤ 2,490 ሜትር፣ ጎባ 2,740 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። የሳሳና የደረቀ አየር ቀን ፀሐይን እንደ ልብ ያስገባል፣ ሌሊት ሙቀትን እንደ ልብ ያስወጣል። ሲናና አካባቢ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 21 ዲግሪ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በበጋ ጥርት ያሉ ሌሊቶች ግን ከዚያ በብዙ ይወርዳል። ከጎባ በላይ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ተመዝግቦ ያውቃል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ሙቀት ከቤት የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በንክኪ ነው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግር የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛው በአየር ነው፤ የሞቀው አየር ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይወጣና ያገኘውን ቀዳዳ ተከትሎ ይሄዳል። ሦስተኛው ያ በጨረር የሚሄደው ነው። ይህን ሦስተኛውን ቤት ስንሠራ እንረሳዋለን፤ አይታይምና፣ ነፋስም የለውምና። የሚያንጸባርቅ ቀለምና የአሉሚኒየም ፎይል የሚባሉት የጣራ ሥር መከላከያዎች የተፈጠሩት እሱን ለመያዝ ነው።

እንዴት እንደሚይዙት ለማየት ከአንድ ስኮትላንዳዊ ሙከራ የተሻለ አላውቅም። ጆን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1804 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ነው። ከብረት የተሠራ ባዶ ኩብ አዘጋጀ። አንዱን ጎን በጥላሸት አጠቆረው፣ አንዱን እንደ መስታወት እስኪያበራ ወለወለው፣ ሌሎቹንም በሌላ በሌላ ነገር ለበጣቸው። ከዚያ ኩቡን የፈላ ውኃ ሞላው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሁሉም ጎኖች የሚነኩት አንድ ውኃ ነው፣ ሙቀታቸውም እኩል ነው። ሙቀት መለኪያውን በየጎኑ ፊት ለፊት እኩል ርቀት ላይ ሲያቆመው ግን ጥላሸት የተቀባው ጎን ብዙ ሙቀት ሲልክ የተወለወለው የሚልከው እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። እኩል የሞቁ ሁለት ነገሮች እኩል ጨረር አይለቁም፤ የሚወስነው ገጻቸው ነው። ይህ ግኝት እስከ ዛሬ ድረስ ደስ ይለኛል፤ ኩብና የፈላ ውኃ ብቻ ይዞ እዚህ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ በቁጥር እናስቀምጠው። አንድ ገጽ በሙቀቱ ሊለቅ የሚችለው ትልቁ ጨረር 100 ቢሆን፣ ጥላሸት 95 ገደማ ይለቃል። ጭቃ፣ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ተራ ቀለም፣ ነጩም ጥቁሩም፣ 90 አካባቢ ናቸው። ያልዛገ አዲስ ቆርቆሮ ሩብ ያህል ይለቃል። ንጹሕ የአሉሚኒየም ፎይል 5 ብቻ ነው የሚለቀው። አንድ ገጽ ጥቂት የሚለቅ ከሆነ የሚመጣበትን የሙቀት ጨረርም በዚያው ልክ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ይህን በገዛ ፊታችሁ ሞክሩት። ለዳቦና ለሥጋ መጠቅለያ የሚሸጠውን ፎይል ዘርግታችሁ ጉንጫችሁን ሳይነካ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስጠጉት። ወዲያው ሞቅ ይላችኋል። ፎይሉ አልሞቀም፤ የመለሰላችሁ የራሳችሁን ሙቀት ነው። በወረቀት ድገሙት፣ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። የሻይ ፔርሙዝ የብርጭቆ ሆዱ ብርማ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ጄምስ ዴዋር እ.ኤ.አ. በ1892 ሲሠራው በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል አየሩን አስወጥቶ የንክኪንና የአየርን መንገድ ዘጋ፣ ብርማ ገጹ ደግሞ የጨረሩን ዘጋ። ቤታችንን ፔርሙዝ ማድረግ ባንችልም ከሦስቱ መንገዶች የትኛውን በምን እንደምንዘጋ ከእሱ እንማራለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ባሌ ላይ ደግሞ ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። ጎባ ያለ አንድ ወዳጄ በቅርቡ ደውሎ «ጣራ ነጭ ሲቀባ ቤት ይሻሻላል ይላሉ፣ እኔም ላስቀባው?» አለኝ። እንዳታስቀባው አልኩት። ጣራ ሁለት ዓይነት ጨረር ያስተናግዳል፤ ቀን ከፀሐይ የሚመጣውን ብርሃንና ቀንም ሌሊትም ራሱ የሚለቀውን ሙቀት። ጥሩ ነጭ ቀለም ከፀሐዩ ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ የራሱን ሙቀት ግን 90 በመቶ በሆነ አቅም ይለቃል። ስለዚህ ነጭ ጣራ ቀንም ይቀዘቅዛል፣ ሌሊትም ይቀዘቅዛል። ያልተቀባ አዲስ ቆርቆሮ በተቃራኒው የራሱን ሙቀት በቀላሉ አይለቅም፤ ቀን እጅ እስኪያቃጥል የሚግለው፣ ሌሊት ደግሞ ከተቀባው ዘግይቶ የሚበርደው ለዚህ ነው። ያረጀና የተቀባ ቆርቆሮ ላይ ውርጩ ጠንክሮ የሚያድረውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

አሁን ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ አስቡት። ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ በቅርብ ይታያል፣ ቀይ ቀበሮም ዕድል ከቀናችሁ ታያላችሁ። ከአምባው ጫፍ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሐረና ደን ውስጥ ይገባል፤ አስታው፣ ቀርከሃው፣ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለው ጫካ፣ የጫካ ቡናው ይከተላል። ደሎ መና ሲደረስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ሆኗል፤ ጎባ የለበሳችሁትን ጋቢ መንገድ ላይ ነው የምታወልቁት። በዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ሁለቱም ጫፍ ላይ ያሉት ቤቶች አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ነው የለበሱት። የሚፈልጉት ግን የተለያየ ነገር ነው። ደሎ መና ላይ ጠላቱ ከላይ የሚወርደው የፀሐይ ሙቀት ነው፤ ነጭ ቀለም እዚያ ሕይወት ነው። ጎባና ሮቤ ላይ ጠላቱ ከታች ወደ ላይ እየሸሸ የሚሄደው የምድጃውና የሰውነታችን ሙቀት ነው። ከላይ ነጭ የተቀባ የጎባ ጣራ ቀን ያገኘውን ፀሐይ ይገፋል፣ ሌሊት ያለውን ይበትናል።

ስለዚህ ጎባና ሮቤ ላይ ሥራው ከቆርቆሮው በታች፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። አራት በአምስት የሆነች ክፍል እንውሰድ፤ 20 ካሬ ሜትር። የኮርኒሱ ጀርባ 15 ዲግሪ፣ ቆርቆሮው 3 ዲግሪ ይሁን። ሁለቱም ገጾች እንደ ተራ ነገር ጨረር የሚለቁ ከሆነ፣ ከኮርኒሱ ወደ ቆርቆሮው በጨረር ብቻ በየካሬ ሜትሩ 50 ዋት ገደማ ያልፋል። ለክፍሏ 1,000 ዋት ማለት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ለማሞቅ ሲሠራ የሚያድር ያህል ነው። በመካከል አንድ ንጹሕ የፎይል ገጽ ብናስገባ ያ 50 ዋት ወደ 3 ይወርዳል፤ ለክፍሏ 60 ዋት። ብርማ የአሉሚኒየም ቀለምስ? በዚህ ሥራ ተለክተው ከሚሸጡት ምርጦቹ ሩብ ያህል የሚለቁ ናቸው፤ ከነሱ ጋር ክፍሏ 300 ዋት ገደማ ታጣለች። ተራው ብርማ ቀለም ግን ግማሽ ያህል ሊለቅ ስለሚችል 600 ዋት አካባቢ ያስቀራታል። ቀለሙ ብርማ ስለመሰለ ብቻ አትመኑት።

እነዚህ ቁጥሮች ያጓጓሉ፤ ሻጭ ቢሰማቸው ነገ ባነር ያሠራባቸዋል። ግን ቆም እንበል፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር የሚመጣው አሁን ነው።

ያሰላነው የጨረሩን መንገድ ብቻ ነው። የአየሩ መንገድ አለ። ሮቤ ሌሊት ላይ ሙቁ ኮርኒስ ከታች፣ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ከላይ ነው። በመካከላቸው ያለው አየር ከታች ይሞቃል፣ ይነሣል፣ ቆርቆሮውን ነክቶ ይቀዘቅዛል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይሞቃል። እየዞረ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይጭናል። በያዝነው ምሳሌ ይህ ጭነት ለዚያች ክፍል ጥቂት መቶ ዋት ይሆናል፤ ፎይሉ እሱን ንክች አያደርገውም። ደሎ መና ላይ ቀትር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የጋለው ቆርቆሮ ከላይ ነው፤ ሙቅ አየር ደግሞ ወደ ታች መውረድ አይወድም፣ እዚያው ተንሳፍፎ ይቀራል። ሙቀቱ ኮርኒሱ ላይ የሚደርሰው በአብዛኛው በጨረር ነው። ቆርቆሮው 60 ዲግሪ፣ ኮርኒሱ 30 ቢሆን በዚያች ክፍል ጣራ 3,600 ዋት ገደማ በጨረር ይወርዳል፤ ፎይል ሲገባ 220 ገደማ ይሆናል። አሜሪካኖች ስለ እነዚህ መከላከያዎች ሲናገሩ በሞቃትና ፀሐያማ ግዛቶች ያለውን ጥቅም የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው፤ የኃይል ሚኒስቴራቸው እዚያ ለማቀዝቀዣ የሚወጣውን ወጪ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊቀንሱ እንደሚችሉ ይገልጻል፣ ቀዝቃዛ አገር ላይ ግን ወፍራም ሙቀት ያዥ ማልበስን ያስቀድማል።

ታዲያ ሮቤ ላይ ምን ይቅደም? መጀመሪያ ኮርኒስ። ኮርኒስ የሌለው ቤት ፎይል አያስፈልገውም፣ ኮርኒስ ነው የሚያስፈልገው። ቀጥሎ ቀዳዳ። በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት፣ የመብራት ገመድ የገባበት፣ ችፑዱ ከግድግዳው ጋር ያልገጠመበት፤ የሞቀው አየር የሚሸሸው በነዚህ ነው፣ ለመድፈን ደግሞ ጭቃ፣ ጨርቅና የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል። ከዚያ ኮርኒሱ ላይ አየር የሚይዝ ወፍራም ነገር ማልበስ። ባሌ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ከአጨዳ በኋላ ጭድ ይትረፈረፋል። አሥር ሴንቲ ሜትር የጭድ ንጣፍ በያዝነው ምሳሌ ወደ ላይ የሚሄደውን ሙቀት በሁሉም መንገድ ደምሮ ወደ 150 ዋት ገደማ ያወርደዋል። ፎይሉ ብቻውን ይህን አይችልም። ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ሮቤ ላይ ጭድ ከፎይል ይቀድማል። ደረቅ ጭድ እሳትና አይጥ ስለሚወድ በቀጭን ጭቃ ተለውሶ፣ ደርቆ፣ ከመብራት ገመድና ከጭስ ማውጫ ርቆ መነጠፍ አለበት፤ ኮርኒሱም ክብደቱን መሸከም መቻል አለበት። የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ አይችለውም፤ ችፑድ ከሆነም ሞራሌው ጠበቅ ብሎ መመታት አለበት።

አያቶቻችን ያወፍሩት የነበረው የሣር ክዳን ይህን ሥራ ይሠራ ነበር። በሣሩ ውስጥ ሺህ ቦታ የታሰረው አየር መዞር አይችልም፤ ጭሱ እያደረቀውም ዕድሜ ያገኛል። ቆርቆሮ ዝናብን አሸነፈ፣ እሳትን አሸነፈ፣ በየጥቂት ዓመቱ ሣር ከመቀየር ገላገለን፤ ሙቀት በመያዝ በኩል ግን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ብረት ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ክዳኑን ስንቀይር ያ የሣሩ ሥራ ወደ ኮርኒሱ መዛወር ነበረበት፤ ብዙ ቤት ላይ ሳይዛወር ቀረ።

ነገሩ ደግሞ ከሣር ክዳንም የቆየ ነው። ባሌ ተራሮች ውስጥ ከ3,400 ሜትር በላይ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዓለት ጥላ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ እንደነበር፣ እሳት እያነደዱ የአካባቢውን ትልቅ ፍልፈል ይበሉ እንደነበር አሳይቷል። እንደዚያ ባለ ከፍታ ላይ ሰው እንደኖረ ከሚያሳዩት የዓለማችን ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ዓለቱ ከነፋስና ከዝናብ አስጥሏቸዋል፣ ልክ ነው። ከጥርቱ ሰማይ ፊትም ጋርዷቸዋል፤ ቀን ሙቀት የጠጣ ድንጋይ ከራስ በላይ ሲኖር፣ የላኩት ጨረር ይካሳል።

ፎይሉንም ቢሆን አልጣልኩትም። ጭዱ ካለ በኋላ፣ ወይም ኮርኒሱ ጭድ የማይሸከም ሲሆን፣ በትክክል ከተሠራ ዋጋ አለው፤ ሮቤ ላይ ቀትር የሚግለውን ክፍልም ያቀዘቅዛል። በትክክል የተባለው ግን ቀላል ነገር አይደለም። ፎይል የሚሠራው ከፊቱ አየር ሲኖር ነው። በሁለት ነገሮች መካከል ተጣብቆ ቢገባ ሙቀቱ በንክኪ ያልፈዋል፤ አሉሚኒየም ሙቀት አሳላፊ ነውና ምንም እንዳልገባ ይቆጠራል። ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ኮርኒሱ ላይ መዘርጋት ቀላል ነው፣ ግን አቧራ ይተኛበታል፣ አቧራ የለበሰ ፎይል ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት ፎይልነቱን ያጣል። ወራጆቹ ሥር ተወጥሮ የሚያበራው ፊቱ ወደ ታች ሲሆን አቧራ አይቀመጥበትም። በቀለምም እንደዚያው ነው፤ የሚቀባው የቆርቆሮው ውስጠኛ ፊት ነው፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ ጥላሸቱ ታጥቦ። ኮርኒስ ሳይኖረው እንጨት የሚነድበት ቤት ቆርቆሮው በጭስ ስለሚጠቁር ቀለሙ ከጥላሸቱ በታች ተቀብሮ ይቀራል፤ ሌስሊ ካጠቆረው ጎን ጋር አንድ ይሆናል።

ሌላው የፎይልና የብርማ ቀለም ጠላት እርጥበት ነው። ሌሊት ሰው ይተነፍሳል፣ ድስት ይፈላል፤ እንፋሎቱ በኮርኒሱ ቀዳዳ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲያገኝ ውኃ ይሆናል። ከፀሐይ መውጫ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ኮርኒሱ ውስጥ ብትመለከቱ በየሸንተረሩ የታችኛው መስመር ጠብታዎች ተርታ ይዘው ተንጠልጥለዋል። ትልልቆቹ ዳገቱን ተከትለው ትንሽ ይንሸራተታሉ፣ ማገር ሲነኩ ይቆማሉ፣ እዚያ እንጨቱ ጠቁሯል። ፀሐይ ቆርቆሮውን እንደነካችው ሁሉም በአንድነት መንጠባጠብ ይጀምራሉ፤ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ እየተሠራ ይሰፋል። ዝናብ ሳይዘንብ ጣራዬ አፈሰሰ ብሎ ሚስማር የሚያስጠብቅ ሰው አለ። ውኃው የመጣው ከቤቱ ውስጥ ነው። የውኃ ስስ ሽፋን ጨረር የሚለቀው እንደ ጥላሸት ስለሆነ፣ ላብ ያላበው ፎይል ሙቀት መመለሱን ያቆማል። መድኃኒቱ ከታች ነው፤ ኮርኒሱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ደፍኖ የወጥ ቤቱን እንፋሎትና ጭስ በቧንቧ ወይም በመስኮት ወደ ውጭ ማስወጣት፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ ደግሞ በጠርዙ በኩል በመጠኑ እንዲተነፍስ መተው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ሁለቱም የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 የቤት ጣራዎችን ሙቀት ያዥ የማልበስ ትልቅ ዘመቻ ጀምሮ ነበር፤ ፕሮግራሙ በ2010 እስኪቋረጥ ድረስ 4 ወጣት ሠራተኞች ሞቱበት። ከመካከላቸው ፎይሉን በብረት ሽቦ ሲመቱ ከኮርኒሱ በላይ ያለፈውን የመብራት ገመድ የወጉ ነበሩበት። እኛ ዘንድ ገመድ ኮርኒስ ውስጥ እንደ ነገሩ ተጥሎ፣ መገጣጠሚያው በፕላስተር ተጠቅልሎ የሚያልፍባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ፎይል የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ገመዱን ያሳይ፤ ሥራው እስኪያልቅ ቆጣሪው ላይ ያለው ማጥፊያ ይጥፋ።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ቀዳዳው በተደፈነ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዞ መተኛት ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል። ቤታችሁን ሙቀት እንዲይዝ ስታደርጉት ከሰሉ ከመኝታ በፊት ወጥቶ ውጭ ማደር አለበት። ደግሞም ኮርኒሱ በደንብ ከያዘ የምሽቱ እሳትና የግድግዳው ሙቀት አልጋ እስክትገቡ ሊያቆያችሁ ይችላል፤ በተለይ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሳል።

ይህን ሁሉ እንዲህ አጥብቄ የማወራው የቤት ብርድ ከቤት አልፎ ጫካ ስለሚደርስ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎባና ሮቤ ምሽት ላይ የሚነደው እንጨትና ከሰል በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያው ተራራ ዙሪያ ካሉ ዛፎች ነው። አንድ ክፍል ሌሊት 1,000 ዋት ወደ ሰማይ ስትረጭ፣ ያ ከጫካው የወጣ እንጨት ነው።

በመጨረሻ ለሮቤና ለጎባ መምህራን፣ ለመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ ግድግዳ የሚጋሩ፣ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ የለበሱ ሁለት የመማሪያ ክፍሎች ምረጡ። የአንዱን ኮርኒስ ቀዳዳ ድፈኑ፣ ጭቃ የተለወሰ ጭድ አንጥፉበት፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። በየክፍሉ ርካሽ ቴርሞሜትር ስቀሉና ታኅሣሥን ሙሉ ማታ አንድ ሰዓትና ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ወር ወራጆቹ ሥር ፎይል ጨምሩበትና ድገሙት። ያገኛችሁትን ቁጥር በቅድሚያ ለከተማው አናጺዎች ስጧቸው፤ ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ቤቱ ውስጥ የሚገኙት እነሱ ናቸው።